ስላልተፈጸመው የአሌክሳንድሪያ የእግር ጉብኝት የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ ከፍለንበት የተዘለለው የጉብኝቱ ክፍል ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአማርኛ በምታካሂዱት የአሌክሳንድሪያ የእግር ጉብኝት ላይ ከአባቴ፣ ከእናቴና ከእህቴ ጋር ተሳትፌ ነበር። ወላጆቼ እኛን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። እንግሊዝኛ ስለማይከታተሉ በቋንቋቸው የሚያስጎበኝ ድርጅት በማግኘታችን በጣም ደስ ብሎን ነበር። ማስታወቂያችሁ የወንዝ ዳርቻዋን ከተማ ሙሉ ታሪክ እንደምታሳዩ ገልጾ ሁለት ቤቶችን በስም ይጠቅሳል፤ ካርላይል ሃውስንና ዱክ ስትሪት ላይ የሚገኘውንና በአንድ ወቅት የባሪያ ነጋዴዎች ቤት የነበረውን ፍሪደም ሃውስ ሙዚየምን። ያየነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አስጎብኚያችሁ ካርላይል ሃውስን በደንብ ያውቀዋል፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ነጋዴው ጆን ካርላይል ከከተማዋ መሥራቾች አንዱ እንደነበር፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1749 ከተቆረቆረች በኋላ ቤቱ በ1753 እንዳለቀ፣ በ1755 ደግሞ የእንግሊዙ ጄኔራል ብራዶክ አምስት የቅኝ ግዛት አገረ ገዥዎችን እዚያው ሰብስቦ በፈረንሳዮች ላይ ስለሚደረገው ዘመቻ እንደመከረ አንድ በአንድ አስረድቶናል። በተለይ ያኔ የፖቶማክ ወንዝ ከቤቱ ጀርባ ቅርብ እንደነበረና ዳርቻው በአፈር እየተደለደለ ከተማዋ ወደ ውሃው እየገፋች እንደሄደች ሲነግረን አባቴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የድሮውን ዳርቻ በዓይኑ ይፈልግ ነበር።

እናቴ ግን የቤቱን ግድግዳ በእጇ ዳሰስ አድርጋ «ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸክሞ አመጣው?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው «እማማ፣ ያኔ ሠራተኛ ሞልቶ ነበር» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ክፍል አለፈ። ካርላይል ሰዎችን በባርነት ይዞ ይኖር እንደነበር ሙዚየሙ ራሱ አይደብቅም። እናቴ የጠየቀችው ቀላል ጥያቄ ነው፤ ቀጥተኛ መልስ ይገባት ነበር።

እሱንም ዱክ ስትሪት ስንደርስ ይነገረናል ብለን ዝም አልን። ማርኬት ስኩዌር ላይ ስንደርስ ግን አስጎብኚው ቦታው ሩቅ እንደሆነ፣ ታሪኩም ለሽማግሌዎች እንደሚከብድ ተናግሮ ወደ ወንዙ ይዞን ወረደ። ቶርፒዶ ፋክተሪ ከተባለው የኪነ ጥበብ ማዕከል አጠገብ ፎቶ አነሳንና ጉብኝቱ አለቀ ተባለ።

ሩቅ የተባለው ቦታ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ወላጆቼ ደከሙ እንኳ ቢባል በኪንግ ስትሪት ላይ በነፃ የሚመላለስ ትሮሊ የሚባል አውቶቡስ አለ፤ ከዚያ ወርዶ ሁለት ብሎክ መራመድ ነው። ለከተማዋ አስጎብኚ ይህን ማስታወስ አይገባኝም።

ይከብዳቸዋል የተባለው ደግሞ ከሁሉም ይብስብኛል። አባቴ ወደዚህ ጉብኝት የመጣው በዋናነት ለዚያ ቤት ነበር። ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉት ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. ከ1828 እስከ 1836 ከአገሪቱ ትልቁን የባሪያ ንግድ ያካሄዱት ከዚያ ቤት ነው። ሰዎችን ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ እየገዙ በግቢው ውስጥ ይቆልፉባቸው ነበር። ከዚያም ገሚሱን በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይልካሉ፣ ገሚሱን በእግር ወደ ደቡብ ይነዳሉ። እነሱ ከለቀቁ በኋላም ሌሎች ነጋዴዎች በቤቱ ተተክተው በ1861 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ከተማዋን እስኪይዝ ድረስ ንግዱ ቀጥሏል። ከተማው ቤቱን በ2020 ገዝቶ በ2022 እንደገና ለሕዝብ የከፈተው ይህ እንዲታወቅ ነው። አስጎብኚያችሁ ስለ ትምባሆ፣ ስለ ስንዴና ስለ መርከቦች ብዙ ነግሮናል። በዚያው ወንዝ የተጫኑትን ሰዎች ከተወ ግን ስለ ወደቡ የነገረን ግማሹን ነው። ወላጆቼ በሕይወታቸው ብዙ ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ምን መስማት እንደሚችሉ የሚወስንላቸው ሰው አያስፈልጋቸውም።

ሰኞ ስልክ ደውዬ ነበር። የተሰጠኝ መልስ «መስመሩ እንደ ሁኔታው ሊቀየር ይችላል» የሚል ነው። ዝናብ አልነበረም፣ መንገድም አልተዘጋም፣ ሙዚየሙም ክፍት ነበር። የተለወጠ ሁኔታ ካለ በጽሑፍ ይገለጽልኝ።

ስለዚህ የአራታችን ክፍያ ግማሹ እንዲመለስልን፣ ወይም የቀረው የጉብኝቱ ክፍል ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ታሪኩን ሳይሸሽ በሚናገር አስጎብኚ እንዲሟላልን እጠይቃለሁ። ምርጫው ለእኔ ቢተው ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ወደ ዱክ ስትሪት የማትሄዱ ከሆነ ደግሞ የፍሪደም ሃውስን ስም ከማስታወቂያችሁ አውጡት፤ በስሙ ገንዘብ እየተሰበሰበበት ነው።

ወላጆቼ በወሩ መጨረሻ ወደ አገር ቤት ስለሚመለሱ ከዚያ በፊት በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ አሳስባለሁ። የክፍያ ደረሰኙንና የማስታወቂያችሁን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቅዳሜው ከሰዓት ጉብኝት ተሳታፊ