የእርዳታው እህል ከእኛው ገበሬ ይገዛ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአሜሪካው መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተዘጋ ወዲህ ስለ እርዳታ የሚወራው ሁሉ ስለ መጠኑ ነው። ስንት ቀነሰ? ማን ይተካዋል? ለስንት ሰው ይበቃል? ጭንቀቱ ይገባኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በቀረው ገንዘብ እህሉ የሚገዛው ከማን ነው የሚለው ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በምዕራብ ጎጃም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። 1994 ዓ.ም.ን አልረሳውም። ዝናቡ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሰምሮ ነበር። ገበሬው የባኮ ምርምር ማዕከልን ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ ማዳበሪያ በብድር ወስዶ በቆሎውን አምርቷል። ጎተራው ሞልቶ ተርፏል። ከዚያ ዋጋው ወደቀ። ኩንታሉ ከ50 ብር በታች ሲወርድ የመሰብሰቢያና የማጓጓዣ ወጪውን እንኳ አልሸፍን አለ። በቆሎውን ማሳ ላይ ትቶ ከብት የለቀቀበት ገበሬ አይቻለሁ። የማዳበሪያ ዕዳ ግን አይቀርም። በሬውን ሸጦ የከፈለ ብዙ ነው። ማዳበሪያውን ውሰዱ ብዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ያግባባሁት እኔ ነበርኩ። ዛሬም ድረስ ይከነክነኛል።

በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ከዳ። ዕዳ የነከሰው ገበሬ ደግሞ ማዳበሪያ መውሰድ ፈርቶ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ፤ ስንዴው በመርከብ ጅቡቲ ገባ። አስቡት፣ ያንን ሰው ሊደግፍ የሚችል በቆሎ ከጥቂት ወራት በፊት ገዢ አጥቶ ነበር።

ለጋሾቹ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። የተላከው ስንዴ ነፍስ አድኗል፤ የ1977ቱን ድርቅ ያየ ሰው ይህን አይክድም። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብ እርዳታ አብዛኛው እዚያው አገር ተገዝቶ፣ ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ መርከብ እንዲጫን በሕግ የታሰረ ሆኖ ኖሯል። እህሉ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፤ ማጓጓዣው ገንዘቡን ይበላል። የአውሮፓ ኅብረትና ካናዳ እንዲህ ያለውን ግዴታ ካነሱ ቆይተዋል። ስለዚህ ይቻላል።

እኛም ጋ ተሞክሯል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቆሎ ይገዛ ነበር። ከሁሉ የወደድኩት ምርቱ ሳይሰበሰብ ውል መፈራረሙን ነው። ዩኒየኑ ውሉን ይዞ ባንክ ሄዶ ይበደራል፣ በብድሩ ከአባላቱ እህል ይሰበስባል። ገበሬውም ምርቱ ገዢ እንዳለው ያውቃል። ያን ጊዜ ማዳበሪያ ለመውሰድ ልመና አያስፈልገውም።

እርግጥ ነው፣ አገር ውስጥ ሲገዛ ዋጋ ይንራል፣ ሸምቶ አዳሪው ይጎዳል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ግዢው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቢገዛ ግን ገበያው በእህል የሚጥለቀለቅበት፣ ገበሬውም በርካሽ የሚጥልበት ጊዜ ነው። ሌላው ጣጣ ጥራት ነው። እርጥበት ያለው በቆሎ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራል፣ መጋዘን ደጃፍ ላይ ይመለሳል። የተረፈውን ነቀዝ ይጨርሰዋል። የልማት አጋሮች ገንዘብ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ማድረቂያ፣ የእርጥበት መለኪያ፣ አየር የማያስገባ ከረጢት፣ ደህና መጋዘን። እነዚህን ለማሟላት እንደ ግድብ ቢሊዮኖች አይጠይቅም። የገበሬው ልጅ እንኳ በአንድ ቀን ሥልጠና የሚለምደው ነገር ነው።

ዋግ ኽምራ ላለች እናት የሚደርሳት ኩንታል ከቡሬ ወይም ከወለጋ ቢመጣ ያው አንድ ኩንታል ነው። ለሸጠው ገበሬ ግን የልጅ ደብተርና የዘንድሮ ዘር ይሆነዋል።

ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ባለፈው ዓመት ለእርዳታ ከተከፋፈለው እህል ምን ያህሉ አገር ውስጥ እንደተገዛ፣ ከየትኞቹ ዩኒየኖችና በየትኛው ወር እንደተገዛ ጠይቃችሁ አትሙልን። ገበሬው ማዳበሪያ ልውሰድ አልውሰድ ብሎ የሚወስነው ግንቦት ሳያልቅ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቢደርስልን ደስ ይለኛል።

ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ፣
ከባሕር ዳር