ባዶውን ቦታ ሳትዘጊ አትፈርሚ

ጅማ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? እኛ ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበት ብቻ ክረምቱ ሲገባ ጀምሯታል። ትናንት ወንድምሽ ደውሎ ፖሊሶች የማኅበራችሁን ቢሮ ፈትሸው ኮምፒውተርና የሂሳብ መዝገብ መውሰዳቸውን ነገረኝ። ፍተሻው አላስደነገጠኝም፤ የሰው ሐቅ እንደማትነኪ አውቃለሁ። ያስደነገጠኝ «ፈርሚ ሲሏት ሳታነብ ፈረመች» ያለኝ ነው። እንዴት ልጄ? የእኔ ልጅ ሆነሽ ሳታነቢ ትፈርሚያለሽ?

ሂርማታ ቡና መጋዘን እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። የክርስትና እናትሽ ባለቤት የታሰሩበትን ነገር ግን ሙሉውን አልነገርኩሽም። በ1978 ዓ.ም. ነው። እሳቸው ለለቅሶ አጋሮ ሄደው የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ፖሊሶች መጥተው ፈተሹ፣ ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ ቆጠሩ፤ ስምንት ጆንያ። መርማሪው ከጻፈ በኋላ ከወረቀቱ ግርጌ በጣቱ እያሳየ «እዚህ ጋ» አለኝ። ከመጨረሻው መስመር እስከዚያ ድረስ አራት ጣት የሚሆን ባዶ ቦታ ነበር። አየሁት። አይቼ ፈረምኩ። ፍርድ ቤት ሲነበብ ከስምንቱ ጆንያ ሥር ሌላ ስድስት ተጽፏል። ያኔ ቡና ደብቀሃል መባል ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሰባት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ «አንተ ምን ታደርግ፣ ልጅ ነህ» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ባዶውን ማየቴን ሳልነግራቸው ቀበርናቸው። ለፋሲካ ስትመጪ የክርስትና እናትሽ ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ ለእሳቸው እነግራቸዋለሁ።

ያኔም ሕግ ነበር እኮ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 ፈታሹ በትእዛዙ የተጻፈውን ብቻ እንዲፈልግ፣ የያዘውን እንዲዘረዝር፣ ዝርዝሩንም ሲቻል ገለልተኛ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት ያዛል። እኔ አላውቅም ነበር፤ ጎረቤት እንኳ አልጠራሁም። አንቺ ግን የተወለድሽው ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። አንቀጽ 26 ቤትሽ፣ ሰውነትሽና ንብረትሽ እንዲሁ እንዳይበረበር ይጠብቅሻል። አንቀጽ 40 ደግሞ የግል ንብረት ሲል የሰውን ብቻ አይልም፤ ሕጋዊ ሰውነት ያላቸውን ኢትዮጵያውያን ማኅበራትንም ይጨምራል። ስለዚህ የማኅበሩ ኮምፒውተርና ያንቺ ስልክ በአንድ መስመር አይጻፉም፤ ለየብቻ ይጻፉ በያቸው።

ዳግም ከመጡ በር ላይ አትታገይ፣ አትሳደቢ። የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ተቀብለሽ የማንን ቢሮ፣ ምን ለመፈለግ እንደሆነ አንብቢ። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ፍተሻ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ያለ ትእዛዝ የሚገባበትም ጊዜ አለ፦ ተጠርጣሪ እየተባረረ ሲገባ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ትእዛዝ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ ሲታመን። ያኔ ሰዓቱንና የነገሩሽን ምክንያት ጻፊ። አያድርገውና ቢይዙሽ ዝም የማለት መብት አለሽ፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡሽ ይገባል። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ፊርማው ላይ ግን እለምንሻለሁ፤ አይ፣ አዝሻለሁ። መጀመሪያ አንብቢ። የኮምፒውተሩ መለያ ቁጥር መጻፉን እዪ። ከመጨረሻው መስመር በታች ያለውን ባዶ በእስክሪብቶ አስምረሽ ዝጊው፣ ከዚያ እዚያው ሥር ተጠግተሽ ፈርሚ። ቢቆጡም ባዶውን ሳትዘጊ አትፈርሚ።

ነገ ጠዋት ጠበቃ ይዘሽ ሄደሽ የፈረምሽውን ቅጂ ጠይቂ። የማኅበሩን ማህተም ከመሳቢያው አውጥተሽ ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጪ። እናትሽ ቆሎና ሁለት ኪሎ ቡና ልካለች፤ ቅዳሜ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ። ደግሞ ምሳሽን ብዪ፣ ከስተሻል ብሎኛል ወንድምሽ።

ቅጂውን እንዳገኘሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በመጨረሻው መስመርና በፊርማሽ መካከል ምን ያህል ቦታ እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ