ቀሚሶቹን የሰፋሁት እኔ አይደለሁም

በጥምቀት ማግሥት የሚጻፍ ምስጋና ብዙውን ጊዜ «በዓሉ በሰላም እንዲያልፍ ላደረጋችሁ» ብሎ ይጀምራል። የእኔ ትንሽ ይለያል። ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ ኑዛዜ ነው።

ጥር 11 ጠዋት ከፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ስንመለስ ዘጠኝ ቤተሰቤ ነጭ በነጭ ሆኖ ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር። አምስት ቀሚስ፣ አራት እጀ ጠባብ። ያየን ሁሉ «ማን ሰፋላችሁ?» ይላል። እናቴማ ጠያቂም አልጠበቀች፤ «የልጄ እጅ ነው» እያለች የቀሚሷን ደረት ታሳያለች። እኔ ቀኝ እጄ ጄሶ ውስጥ ነው፤ ነጠላዬን ጣል አድርጌበት ፈገግ እላለሁ። ከመውደቄ በፊት የጨረስኩት መስሏቸዋል። «እጅሽ ይባረክ» ሲሉኝ «አሜን» አልኩ። ያቺ አሜን እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰባችን ለጥምቀት ጎንደር ላይ አንድ ላይ ከተሰበሰበ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ዘንድሮ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ሁሉም እመጣለሁ አለ። ስጦታ ከሱቅ ልግዛ ብዬ ዞርኩ። ዋጋው ይቅርና፣ ግማሹ ሽፎን ነው። ሽፎን ለሠርግ ይሁን፤ ለጥምቀት ፈትል ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ከሸማኔው ዘንድ ጨርቁን አስሠርቼ ራሴ ልሰፋ ወሰንኩ። ልካቸውን ሳይነቁብኝ መውሰዱ ራሱ ሥራ ነበር። እናቴን አቅፌ ስስማት በሲባጎ ለካሁ። ለልጆቹ የቆየ ልብሳቸውን አስልኬ፣ ላደጉበት አራት ጣት ጨመርኩ።

ጨርቁን ነክሬ አደረቅሁ፤ ፈትል ሳይነከር ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ይህን አውቃለሁ። ያጠፋሁት ቀጥሎ ነው። ዘጠኙንም በአንድ ቀን ቀደድኩት። የፈትል ጨርቅ ደግሞ ከተቆረጠ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ከዳር ከዳሩ ክሩ እየተላቀቀ ይተረተራል። ቶሎ ካልተዘመዘመ ቅዱ ይበላሻል።

ሁለቱን ሰፍቼ እንደጨረስኩ፣ ታኅሣሥ 9 ከቅዳሜ ገበያ ክርና ቁልፍ ገዝቼ ስመለስ፣ ጫማዬ ኮብል ስቶኑ መሀል ገባና በእጄ ላይ ወደቅሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል እንደ ተረት ነበር የምሰማው። መሬት ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። እጄ እንኳ በኋላ ነው የታወሰኝ።

የባጃጁ ልጅ፣ መጀመሪያ አንተን ላመስግን። የተበተነውን ቁልፍ አንድ በአንድ ለቅመህ፣ እኔን ሐኪም ቤት አድርሰህ፣ ሒሳብ ስሰጥህ «እማማ ደህና ይደሩ» ብለህ ሄድክ። ውለታህ አለብኝ። (እማማ ያልከኝን ግን በጄሶው ምክንያት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።)

ሐኪሙ «አጥንቱ ተሰንጥቋል፤ ስድስት ሳምንት» አለኝ። በግራ እጄ ጣት ቆጠርኩ። ጥር 21። ጥምቀት አልፎ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ማለት ነው።

እትዬ፣ በዚያ ማታ ሾርባ ይዘው ሲገቡ አልጋዬ ሥር ያለውን ከረጢት አዩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ለጥምቀት ነበር።»

«ነበርን ምን አመጣው?»

በማግሥቱ ሁለት ጎረምሶች የእርስዎን የሲንጀር መኪና ጭንቅላቱን ለብቻ፣ የብረት እግሩን ለብቻ ተሸክመው ገቡ። ያኔ ነው መዳኔን ያወቅሁት። የኔ ትንሿ መኪና በመብራት ነው የምትሠራው፤ መብራት ደግሞ በዚያ ሰሞን ሲመጣ ሲሄድ ነበር። የእርስዎ ሲንጀር መብራት አያውቅ፣ ቆጣሪ አያውቅ። እግር ካለ ይሠራል። ልጄ የስልኳን መብራት ይዛ፣ እርስዎ እየረገጡ፣ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ሰፍተናል። ሰፍተናል ስል እኔ ተቀምጬ አዛለሁ። ከመጀመርዎ በፊት «ስፌቴን የምታርሚ ከሆነ ተነሥቼ እሄዳለሁ» ያሉኝን አልረሳሁም። ሦስት ጊዜ አርሜያለሁ። አልሄዱም። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው።

አራዳ ያሉት ልብስ ሰፊ፣ እርስዎንም። ጥምቀት ዩኔስኮ ከመዘገበው ከ2012 ዓ.ም. በፊትም ቢሆን የጎንደር ልብስ ሰፊ በታኅሣሥ እንቅልፍ አልነበረውም፤ ዘንድሮማ የሱቅዎ ወረፋ በር ድረስ ደርሶ ነበር። ሦስቱን እጀ ጠባብ ይዤ ስገባ እጄን አይተው ብቻ «አስቀምጪው» አሉኝ። ለገና ዋዜማ ደረሰልኝ። የክር ዋጋ ብቻ ነው የተቀበሉኝ።

የልጄ የክፍል ጓደኞች ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣችሁ ዘመዘማችሁ፣ ቁልፍ ተከላችሁ፣ የቤቱን ቆሎ ጨረሳችሁ። ደቦ ለአጨዳ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንደኛዋ የቀኙን እጅጌ በግራ ተክላው ስትፈታ ያለቀሰችው ልጅ፣ እኔም በአንቺ ዕድሜ አንገቱን ሰፍቼ የዘጋሁት ቀሚስ አለ። አይዞሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

የወንድሜ ሚስት፣ አንቺና እኔ ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ተኳርፈን ነበር። ምክንያቱን አልጽፈውም፤ ብጽፈው ሁለታችንም እናፍራለን። የጥልፍ ነገር ሲነሣ ግን በሰፈሩ ካንቺ የሚደርስ እንደሌለ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ላስጠራሽ አፌ አልተፈታም። ማን እንደነገረሽ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንድ ከሰዓት በኋላ ገባሽ፣ ለእትዬ ሰላምታ ሰጠሽ፣ እኔን ዘለልሽኝ፣ ተቀመጥሽና የእናቴን ቀሚስ አነሣሽ። ያን ቀን ከደረት ጀምሮ እስከ ታች የሚወርደውን መስቀል መጥለፍ ጀመርሽ። አረንጓዴውን በወርቃማ ክር ስታቅፊው ሳይ፣ እኔ ያሰብኩት ጥልፍ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ገባኝ። አራት ቀን መጣሽ። በሦስተኛው ቀን «ክሩን አቀብዪኝ» አልሽኝ። ለዓመት ያህል ያልተነጋገርን ሰዎች በዚህ ነው የጀመርነው።

በአራተኛው ቀን የመጨረሻውን ቀሚስ አነሣሽና ከትከሻሽ ላይ አስጠግተሽ አየሽው።

«የማን ነው?»

«የአንዲት ሴት።»

«ቁመቷ ልክ የእኔን ያህላል።»

«ልክ ያንቺን ያህላል።»

«ታድላ» ብለሽ ጠለፍሽው። ስታሙኝ ትኖራላችሁ፤ ዝም ማለት ነበረብኝ። ከመኳረፋችን በፊት ተለክቶ የተቀመጠ ልክሽ ነበር። ስንኳረፍ ከዝርዝሩ ላወጣሽ አስቤ ነበር፤ እሱንም ልናዘዝ። ጨርቁን ስቀድ ግን እጄ እምቢ አለ።

በከተራ ዕለት፣ ታቦቱ ሳይወጣ፣ ፌስታሉን ስሰጥሽ የገዛ ጥልፍሽን አይተሽ መጀመሪያ ሰደብሽኝ። ቀጥለሽ ያልሽውን እዚህ ልጻፈው፤ ሳቁ ለእኔ ብቻ አይቅር። «ለራሴ መሆኑን ብትነግሪኝ ወገቡን ጠበቅ አደርገው ነበር!»

ሸማኔያችን ሆይ፣ ጨርቁን ሁሉም መስክሮለታል። በጥር 10 እና 11 ሕዝቡ እንዲያ ሲጋፋ አንድ ስፌት አልተተረተረም። የእህቴ ልጅ ብቻ ጎረምሶቹን ተከትሎ እጀ ጠባቡን እንደለበሰ ውኃው ውስጥ ዘለለ። ተነክሮ የተሰፋ መሆኑ የዚያን ጠዋት ጠቀመን፤ ወጥቶ ሲደርቅ ልኩ አልተነካም።

እማዬ፣ ይህን የልጅ ልጅሽ ታነብልሻለች። ቅዱ የእኔ ነው። ልኩንም እኔ ነኝ የወሰድኩት፤ ያን ቀን ለምን እንዲያ አጥብቄ እንዳቀፍኩሽ አሁን ገብቶሻል። ጎንና ጎኑን የገጠሙት እትዬ ናቸው። ለሰው ሁሉ ስታሳዪው የዋልሽው የደረቱ መስቀል ግን የምራትሽ እጅ ነው። ስትመጣ አንቺው ራስሽ «እጅሽ ይባረክ» በያት። አሜኑን እሷ ትበል።

ለሁላችሁም ውለታ መላሽ ያድርገኝ። አንድ ነገር ቀርቷል። ጥቁር እጀታ ያለው ትልቅ መቀስ እኔ ቤት ተረስቷል። እትዬም አይደለም አሉ፣ ልጆቹም አይደለም አሉ። ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ፤ ከጥር 21 በኋላ ቢሆን ግን ደስ ይለኛል። በግራ እጅ ቡና ማፍላት ገና አልለመድኩም።