ጸረ ቫይረሱን ማን አጠፋው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቅርቡ በደብዳቤዎች ገጻችሁ ላይ አንድ አንባቢ የቤት ኮምፒውተራቸው በቫይረስ እንደተማረረ ጽፈው አነበብኩ። መፍትሔ ያሉት ውድ ጸረ ቫይረስ መግዛትና ማሽኑን ቶሎ ቶሎ ለባለሙያ ማሳየት ነው። እንግዲህ ባለሙያ ከተባለ እኔም አንዱ ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከኮምቦልቻም ከሐይቅም ከኩታበርም ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣ ደንበኛ አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚያርፉት ማሽኖች ብዙዎቹን ያጋለጣቸው ግን ባሕር ማዶ የተቀመጠ ጠላፊ አይደለም። የእኛው የጥገና ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛና ፎርማት ያስደርጋል። ዊንዶውሱ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ጠጋኙ አክቲቬተር የምንላትን፣ ዊንዶውሱን ፈቃድ እንዳለው የምታስመስል ትንሽ ፕሮግራም ይጭናል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ጥበቃ፣ ዲፌንደር፣ አክቲቬተሯን ገና ሲያያት ይይዛታል። ስለዚህ መጀመሪያ ዲፌንደር ይጠፋል። ከዚያ ኦፊሱ አለ፣ ፎቶሾፑ አለ፣ ጌሙ አለ። ሁሉም ክራክ ነው፤ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚጫን። ሁሉም ከመጫኑ በፊት ጸረ ቫይረሱን አጥፉልኝ ይላል። ሥራው ሲያልቅ መልሶ የሚያበራው ስንቱ ነው? "አብሽር፣ አዲስ ሆኗል" ይባላል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ በቃ።

ከዚህም የባሰ አለ። ባለፈው ክረምት አንዲት መምህርት ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። ኢንተርኔት ሲከፍቱ የማያውቁት ገጽ እየቀደመ ያስቸግራቸዋል። "ጥበቃውስ በርቷል፣ አረንጓዴዋን ምልክት አታያትም?" አሉኝ። እውነት ነው፣ በርቷል። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍቼ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ ገባሁ። ማኔጅ ሴቲንግስ የሚለውን ተጭኜ እስከ ታች ወረድኩ። መጨረሻ ላይ ኤክስክሉዥንስ የሚል አለ። ጥበቃው እንዳይመረምራቸው የተነገረው ነገሮች ዝርዝር ነው። እዚያ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ ሲ ድራይቭ። ሙሉው ሲ! ዊንዶውሱም፣ ዴስክቶፑም፣ ከኢንተርኔት የሚወርደውም ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ዘበኛ ቀጥሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደማስቀመጥ ነው። መስመሯን ሰርዤ ሙሉ ፍተሻ ሳስጀምር ጉዱ ይዘረገፍ ጀመር። መምህርቷ ፎርማት ያስደረጉት ሌላ ቦታ ነው። የት እንደሆነ ነግረውኛል፤ እዚህ አልጽፈውም።

አንባቢዎቻችሁ ዛሬ ማታ ይህንኑ መንገድ ተከትለው ይዩት። ገንዘብ አይጠይቅም። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ደግ ነው። የማያውቁት ነገር ካለበት ይሰርዙት። እዚያው ገጽ ላይ ሪልታይም ፕሮቴክሽን እና ታምፐር ፕሮቴክሽን የሚሉት ሁለቱም መብራት አለባቸው። ሁለተኛው ሌላ ፕሮግራም ሾልኮ ጥበቃውን እንዳያጠፋ የሚይዝ ነው። ይህ ከተሟላ ለተራ የቤት ተጠቃሚ ውድ ጸረ ቫይረስ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ሁለት ጸረ ቫይረስ አንድ ማሽን ላይ ደርቦ መጫን ደግሞ እርስ በርስ ያጋጫቸዋል እንጂ ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም።

ለምን አክቲቬተር እንጭናለን ታዲያ? ደንበኛው ለፈቃድ አይከፍልም፣ ኪሱም አይፈቅድም። ትክክለኛው ነገር ፈቃድ መግዛት ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ያልተመዘገበ ዊንዶውስም ዲፌንደሩ ይሠራል፣ የጥበቃ ማሻሻያም ያገኛል። የሚቀርበት የስክሪኑ ጥግ ላይ የምትታየው የማሳሰቢያ ጽሑፍና እንደ ልብ ገጽታ መቀያየር ነው። ለዚያች ጽሑፍ ብሎ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ማስገባት አይዋጥልኝም። ለኦፊስ ደግሞ ሊብረኦፊስ አለ፣ ነጻ ነው። ደንበኞቼ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። አንዳንዱም መንገድ ተሻግሮ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ይሂድ።

ወደ ፍላሽ ልለፍ። ፍላሽ እኛ አገር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነገር ነው። መውሊድ ሲደርስ መንዙማ የሚያስጭነው ሰው ብዛት! ለጾም መዝሙር፣ ከሰርግ በኋላ የሰርግ ቪዲዮ። አንዱ ፍላሽ ስንት ቤት ገብቶ እንደሚወጣ አላህ ይወቀው። በዚህ መንገድ የሚዛመተው ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ነው። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ይታያሉ። ሰው ደንግጦ ፋይሌ ጠፋ ይላል፣ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። ያኔ ነው በእውነት የሚጠፋው። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ እዚያው አሉ፣ ተደብቀው ነው። ሾርትከቱን አይጫኑት። በዲፌንደር ያስፈትሹት፣ ከዚያ የተደበቀውን መግለጥ ለባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሌላው ብልሃት የፋይል ስም ቅጥያ እንዲታይ ማድረግ ነው። ማንኛውንም ፎልደር ከፍተው ቪው ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ያብሩ። ያኔ ፎልደር መስሎ የተቀመጠው ነገር መጨረሻው ላይ ነጥብ ኢኤክስኢ ይዞ ብቅ ይላል። መንዙማ ኢኤክስኢ አይሆንም።

ማሻሻያ፣ ማለትም አፕዴት፣ እዚህ የሚጠላው ዳታ ስለሚበላ ነው። ደንበኞቼ ዋይፋዩን ሚተርድ፣ ማለትም ዳታ የሚቆጠብበት መስመር፣ አድርግልኝ ይሉኛል። እንዲህ ሲደረግ ዊንዶውስ ማሻሻያውን በራሱ እንደ ልብ አያወርድም። ዳታው ይተርፋል፣ ቀዳዳው ግን ሳይደፈን ይቀራል። ግንቦት 2009 ላይ ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ሥራ አስፈትቷል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ያኔ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ አንዳንዴ በሌሊት ፓኬጅ ያውርዱት። መብራት እንደሆነ አመሉን እናውቀዋለን፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ይጀምሩት።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ የመደበኛው ማሻሻያ ጊዜ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ፕሮሰሰራቸው ከ8ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) በታች የሆኑትን የኢንቴል ማሽኖች በአብዛኛው አይቀበልም። ገበያችን ላይ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙው 6ኛና 7ኛ ነው። ለቤት ተጠቃሚ በማይክሮሶፍት አካውንት የሚገባበት የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ተዘጋጅቷል፤ የአፕዴት ገጹ ላይ የመመዝገቢያውን ጽሑፍ ፈልጉት። ለደብዳቤና ለኢንተርኔት ብቻ ለሚጠቀም ሰው እኔ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም እጭናለሁ። አክቲቬተር የሚባል ጣጣ የለበትም።

ዋይፋይን በተመለከተ ወሎ ውስጥ ጎረቤትን መከልከል ከባድ ነው። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው በረካ ሳይደርስ ፓስወርድ ይጠይቃል። መስጠቱን አልቃወምም። ብዙ ራውተሮች፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጩት ሳጥኖች፣ ግን ጌስት የሚባል የእንግዳ መስመር አላቸው። እሱን ከፍታችሁ ስጡ። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፣ እናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ያጋራችሁት ፎልደር ጋ ግን አይደርስም። ከዋይፋይ ፓስወርዱ ሌላ ደግሞ የራውተሩ የራሱ መግቢያ አለ። ብዙ ቤት ከፋብሪካ እንደወጣ ስሙም ፓስወርዱም አድሚን ሆኖ ተቀምጧል። በ2009 መጀመሪያ ዓለምን ያስጨነቀው ሚራይ የተባለው ቫይረስ የገባው በዚሁ ነው። ያልተቀየሩ የፋብሪካ ፓስወርዶችን እየሞከረ ራውተርና የጥበቃ ካሜራ ይይዝ ነበር። አሁን ደሴ ውስጥ ካሜራ ያልሰቀለ ሱቅ ስንት ነው? ቤትም እየገባ ነው። ካሜራውን የሰቀለው ልጅ ፓስወርዱን ቀይሮላችሁ እንደሆነ ጠይቁት።

ልጆች ያሉበት ቤት ለልጆቹ ስታንዳርድ የሚባለውን አካውንት ለዩላቸው። በዚያ ሲገቡ ያገኙትን ጌም ሁሉ በገዛ ሥልጣናቸው መጫን አይችሉም። የሰርግ ፎቶና የትምህርት ማስረጃ ደግሞ በሌላ ዲስክ ይገልበጥ፣ ዲስኩም ተነቅሎ ይቀመጥ። ተሰክቶ ከዋለ ፋይል ቆላፊው ቫይረስ እሱንም አይምረውም።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል። ማሽኑን ስታስረክቡ ኤክስክሉዥንሱን ከፍታችሁ ለባለቤቱ አሳዩት። የጨመራችሁት ነገር ካለ ምን እንደሆነና ለምን እንደጨመራችሁት ንገሩት። አንባቢያችሁም ላፕቶፓቸውን ለባለሙያ የሚሰጡ ከሆነ ሒሳብ ከመክፈላቸው በፊት ይህን ገጽ ክፈትልኝ ይበሉ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከደሴ