የልብ ድካም ታማሚ ከመሸኘቱ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የእግሩ እብጠት ጎደለ፣ ትንፋሹ ተመለሰ ተብሎ ወደ ሰከላ ወይም ወደ ሞጣ ገጠር የተሸኘ የልብ ድካም ታማሚ በሁለት ሳምንቱ በቃሬዛ ሲመለስ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሰውነቱ ሳይወጣ የቀረ ውሃ ነው። እብጠት ሳይታይበት ትርፍ ውሃ የሚይዝ ሰው አለ። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የተባለው የደም ምርመራ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ልብ ስትወጠር መጠኑ ይጨምራል፣ ውጥረቱ ሲረግብ ይቀንሳል።

አንዴ ብቻ የተሠራ ውጤት ግን ያሳስታል። ኩላሊቱ የተጎዳ፣ በዕድሜ የገፋ ወይም የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ወፍራም ሰው ላይ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሲገባና ሊወጣ ሲል፣ በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ ይሠራ። ሲገባ 8,000 የነበረው 5,200 ከደረሰ በ35 በመቶ ወርዷል፤ ከ30 በመቶ በላይ መውረድ ደግ ምልክት ነው። 7,200 ላይ ከቆመ ግን የወረደው 10 በመቶ ብቻ ነውና ለመሸኘት አንቸኩል። በአንዱ ቀን ቢኤንፒ የተባለውን ተቀራራቢ የደም ምርመራ፣ በሌላው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ አሠርቶ ማወዳደር ፈጽሞ አይሆንም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በሩማቲክ ሕመም የልብ ቫልቩ (ደም የሚያልፍበት በሩ) የጠበበበት ወጣት ላይም ጥበቱ እስካልተፈታ ድረስ ቁጥሩ እንደልብ ላይወርድ ስለሚችል፣ የልብ አልትራሳውንዱ አብሮ ይታይ።

ቁጥሩ ወረደ ተብሎ ብቻም አይሸኝም። ላሲክሱ (ውሃን በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት) ከመርፌ ወደ ኪኒን ከተቀየረ በኋላ አንድ ቀን ይቆይ፤ ያለ ብዙ ትራስ ተኝቶ ይደር፤ የኩላሊቱን ሁኔታ የሚያሳየው ክሪያቲኒንና በደሙ ያለው የፖታሲየም ጨው ይታይ። ጠዋት ሽንቱን ሸንቶ፣ ምግብ ሳይቀምስ ይመዘን።

የሁለቱ ምርመራ ዋጋ ለቤተሰቡ ከከበደ፣ በእኛ እምነት የመውጫው ይቅደም፤ ለክትትሉ መነሻ ይሆናልና። በ2022 የወጣው ስትሮንግ-ኤችኤፍ ጥናት ታካሚዎችን በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ሳምንት እየጠራ፣ መድኃኒታቸውን በፍጥነት ወደ ሙሉ መጠን አሳድጎ፣ በ180 ቀን ውስጥ የሞቱትን ወይም በልብ ድካም ዳግም ሆስፒታል የተኙትን፣ በተለመደው ክትትል ከነበረው 23.3 ወደ 15.2 በመቶ አውርዷል። በክትትሉ ጊዜ የኤንቲ-ፕሮቢኤንፒው ቁጥር ከመውጫው በ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ውሃ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ሆስፒታሎች በመውጫ ወረቀቱ ላይ የመጨረሻውን ክብደትና የምርመራውን ውጤት ይጻፉ። በጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ታማሚው በ3 ቀን 2 ኪሎ መጨመሩን የምታውቀው መነሻው ሲጻፍላት ነው።

የውስጥ ደዌ ባለሙያዎች፣ ከደብረ ማርቆስ