ሚሲዮናውያኑ ከሄዱ በኋላ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባትህ ጉልበቱን ቢያመውም ሥራውን አላቋረጠም። እኔም ከቤተ ክርስቲያናችን፣ ከኩዌከሮች የዓመት ጉባኤ ተመልሼ ሥራ ገብቻለሁ።

ባለፈው እሑድ በስልክ «እማዬ፣ የዓመት ፈቃድሽን የፈረንጅ ሚሲዮናዊ ሪፖርት በመስማት ትጨርሺዋለሽ? እነዚህ ሰዎች ከቅኝ ገዥ ጋር ገብተው ለአፍሪካ ምን ፈየዱላት?» ስትለኝ ወዲያው አልመለስኩልህም። ጥያቄህ የንቀት እንዳልሆነ አውቃለሁ። በስልክ ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ተጀምሮ አያልቅም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አደርጋቸዋለሁ፤ አንተ የለመድከው እሱን ነው።

የካንሳስ ኩዌከሮች፣ ፍሬንድስ ተብለውም የሚጠሩት ክርስቲያኖች፣ የዓመት ጉባኤያቸውን ያቋቋሙት በ1872 ነው። ዛሬ በዚህ አካባቢ ያሉትን ወንጌላውያን የፍሬንድስ አብያተ ክርስቲያናት የሚያሰባስበው ያው ጉባኤ ነው። ኩዌከር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሰባኪም መዝሙርም የሌለበትን፣ ሁሉም በዝምታ የሚቀመጥበትን አምልኮ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጆርጅ ፎክስ ጊዜ እንግሊዝ አገር ሲጀመር እንደዚያ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ የሚያመልኩ አሉ። የእኛዎቹ ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካን ባዳረሰው መነቃቃት ውስጥ ያለፉ ናቸው። መጋቢ አላቸው፣ ይዘምራሉ፣ ይሰብካሉ፣ ጸሎታቸውም አገር ቤት ከምናውቀው ብዙም አይርቅም። ወላይታ ውስጥ በወንዝ ለተጠመቅሁት ለእኔ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የውኃ ጥምቀትና የጌታ እራት አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ይህንንም ለመጋቢያችን ነግሬዋለሁ። እነርሱ ጥምቀቱም እራቱም በመንፈስ የሚሆን ነው ይላሉ። በዚህ ጉዳይ አልተስማማሁም፤ አብሬያቸው ግን አመልካለሁ።

ያስገረመኝ ስብሰባ የሚመሩበት መንገድ ነው። ኩዌከሮች ከጥንት ጀምሮ ድምፅ ቆጥረው አይወስኑም። ዘንድሮ ለሚሲዮን ስለሚመደበው ገንዘብ ሲነጋገሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተነሥተው «እኔ ልቤ አላረፈም» አሉ። በእኛ ስብሰባ ቢሆን «እጅ አውጡ» ተብሎ እርሳቸው በአንድ ደቂቃ ይሸነፉ ነበር። እዚያ ግን ጉባኤውን የምትመራው ጸሐፊ ሁሉንም ዝም አሰኘች። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ሽማግሌው ያነሡትን ስጋት ተቀብላ ሐሳቡን በጥቂቱ አሻሻለችው። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጽፋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችና «ይህ የሁላችን ሐሳብ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዳራሹም «ተቀብለናል» አለ። ጊዜ ይፈጃል፣ ያደክማል። እኔ ግን በስንት ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ አሸናፊና ተሸናፊ ሆነን ተኮራርፈን እንደወጣን አስታውሼ እንባ ተናነቀኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልግባ። በ1902 ኤድጋር ሆል፣ ዊሊስ ሆችኪስና አርተር ቺልሰን የሚባሉ ሦስት አሜሪካውያን ኩዌከሮች ምዕራብ ኬንያ ካይሞሲ ገቡ። ወንጌል ብቻ ሳይሆን ሥራም እናስተምራለን ብለው የእንጨት መሰንጠቂያ ተከሉ። አገሩ ያኔ በእንግሊዝ እጅ ነበር፤ የገቡትም እንግሊዝ በዘረጋው ባቡር ነው። ስለዚህ «ከቅኝ ገዥ ጋር ገቡ» ያልከውን አልክድም። ግን ዛሬ ኬንያ ከእንግሊዝም ከአሜሪካም በላይ ኩዌከሮች የሚገኙባት አገር ናት። ይህን ያህል ሕዝብ ሦስት ፈረንጆች አሳምነው አያመጡትም። ከመንደር መንደር እየዞሩ ያስተማሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ የብዙዎቹ ስም ግን በሪፖርት ላይ አልተጻፈም።

ቺልሰን ወደ ካንሳስ ከተመለሰ በኋላ ዕድሜው ስልሳ ሲሞላ፣ ሌላው ጡረታውን በሚያስብበት ጊዜ፣ ከሚስቱ ከኤድናና ከልጃቸው ከሬቸል ጋር እንደገና ወደ አፍሪካ ተነሣ። በ1934 ቡሩንዲ ውስጥ ኪቢምባ በምትባል ኮረብታ ላይ፣ ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትተውት የሄዱትን የሚሲዮን ጣቢያ ተረክበው ሥራ ጀመሩ። እርሱ በ1939 እዚያው ቡሩንዲ ሞተ። ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ቀጠሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የፕሬዚዳንት ባጋዛ መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን እያጠበበ የውጭ ሚሲዮናውያንን ከአገር አስወጣ። ከቡሩንዲ የወጡት ፍሬንድሶች በ1986 ወደ ሩዋንዳ ተሻግረው ሌላ ሥራ ጀመሩ።

እዚህ ላይ አያቴ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። ጣልያን በ1937 ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 50 አይሞሉም ነበር። ፈረንጆቹ «ይህች ቤተ ክርስቲያን እንግዲህ አለቀላት» ብለው እያዘኑ ሄዱ። አማኞቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጣልያን ተባሮ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ሕዝብ ወደ 10,000 ይጠጋ ነበር። አያቴ ይህን ስታወራ አንድም ጊዜ የፈረንጅ ስም አንሥታ አታውቅም። የምታነሣው የተገረፉትን የመንደሯን ሰዎች ነበር። አንተም በዚህ ቤት የምትጸልየው በእነርሱ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ የሚሲዮንን ታሪክ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ አድርገህ ስትናገር እነዚህን ሰዎች አብረህ እየሰረዝካቸው ነው። የምጣላህ በዚህ ብቻ ነው።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍልህ፤ ጉባኤው ላይ ሳይደብቁ የተናገሩት ነው። ጥቅምት 1993 ከሁቱ ብሔር የሆነው የቡሩንዲ ፕሬዚዳንት ንዳዳዬ ሲገደል እልቂቱ ኪቢምባም ደረሰ። ከዚያው ከሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የተወሰዱ ቱትሲ ተማሪዎች በአንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ታጉረው ተቃጠሉ። ዛሬ በዚያ መንገድ ዳር «ዳግም አይደገም» የሚል የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። የሰላም ቤተ ክርስቲያን ነን፣ ጦር አናነሣም የሚሉ ሰዎች ስልሳ ዓመት ያስተማሩበት ኮረብታ ነው! ቤልጅጎች ሁቱና ቱትሲ የሚለውን ልዩነት አጠንክረው እንደገዙ አውቃለሁ፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ ለቤልጅግ ሰጥቶ መገላገል አይቻልም። መዝሙር ያጠና ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሥቷል። በማግስቱ ዓመት ሩዋንዳ የሆነውን አንተም ተምረኸዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን ትምህርት ቤት አላስተማሩህም። በ1994 እዚያው ኪቢምባ ሁቱና ቱትሲ አንድ ላይ የተቀመጡበት የሰላም ኮሚቴ ተቋቋመ። ኪጋሊ ውስጥም ፍሬንድሶች በ2000 የሰላም ቤት ከፈቱ። የሁለቱ አገር ኩዌከሮች በኋላ የጀመሩት የሦስት ቀን የፈውስ ስብሰባ አለ። 20 ያህል ሰው ይጠራሉ፤ ግማሹ ከአንዱ ወገን፣ ግማሹ ከሌላው ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ከእስር የተፈታ ገዳይና ቤተሰቧን ያጣች ሴት በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ ማለት ነው። መጀመሪያ የደረሰባቸውን ይናገራሉ፣ ያለቅሳሉ። በመጨረሻው ቀን ሁለት ሁለት ይሆኑና የአንዱ ዓይን በጨርቅ ይታሰራል፤ ሌላው እጁን ይዞ በደረጃው፣ በድንጋዩ፣ በቁጥቋጦው መካከል ይመራዋል። ከዚያ ይቀያየራሉ። ቤተሰቧን የጨረሰው ወገን ሰው እጇን ይዞ «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ እግርሽን አንሺ» ሲላት አስበው። ይህን የሚመሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ዘንድሮ ጉባኤው ላይ ከቡሩንዲ የመጣ አንድ መጋቢ ነበር። ሪፖርቱን ጨርሶ ሲወርድ እንዲጸልዩለት ጠየቁት። እርሱ ግን «መጀመሪያ እኔ ልጸልይላችሁ» አለና ስለ ካንሳስ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ጸለየ። ወጣቶቹ ወደ ከተማ ሄደው ጥቂት አረጋውያን ብቻ የቀሩባቸው ናቸው፤ እነዚያ አረጋውያን ወላጆቻቸው ከስንዴ ሽያጭ ላይ እየቀነሱ ለኪቢምባ ሲልኩ ያደጉ ሰዎች ናቸው። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ በሁለት እጆቿ ፊቷን ሸፍና ታለቅስ ነበር። ሻይ ሰዓት ላይ ወደ እርሱ ሄጄ ከኢትዮጵያ እንደሆንኩ ስነግረው የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «የእናንተስ ሰዎች አብረው መጸለይ ይችላሉ?» የሚል ነበር። ምን ልመልስለት? እዚህ አሜሪካ እንኳ አንድ ጌታ እያመለክን በብሔር ተለያይተን የተከራየናቸውን አዳራሾች አሰብኩ። «አንዳንዶቹ» ብዬ መለስኩለት።

ልጄ፣ ባለፈው ዓመት ከልጅነት ጓደኛህ ጋር በአገር ቤቱ ጦርነት ምክንያት እንደተኳረፋችሁ እናቱ ነግራኛለች። የዚያ ቤት ሽሮ አንተንም አሳድጎሃል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ግን ቅዳሜ ደውልለት። እርሱ ባያነሣ እንደገና ደውል።

የሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ቀኑ እንደታወቀ እልክልሃለሁ። ከመሥሪያ ቤትህ ፈቃድ ቀደም ብለህ ጠይቅ፤ የአውሮፕላን ቲኬቱን አባትህ እችላለሁ ብሏል። የዛሬ ሳምንት የላክሁልህ በርበሬና ሽሮ ከደረሰህ ንገረኝ። በርበሬው ጨው የለበትምና ስትሠራበት አስተካክለው።

እናትህ
ዊቺታ፣ ካንሳስ