ማሊግናንት ሁሉ ካንሰር አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ «ማሊግናንት ማለት ካንሰር ነው» ብላችሁ አልፋችኋል። ስለ እብጠት ከሆነ ልክ ናችሁ። ቃሉ ግን ከዚያ ይሰፋል።

ምንጩ ላቲን ነው። «ማሉስ» ክፉ ማለት ነው፤ የቃሉ መጨረሻ ደግሞ ከመውለድ ጋር ይዛመዳል። ሲገጣጠም «ክፉ ሆኖ የተወለደ» እንደማለት ነው። ተቃራኒው «ቢናይን» ደግሞ «ደግ ሆኖ የተወለደ»። ስለ እብጠት ሳይሆን ስለ ሰው ጠባይ የሚወራ ይመስላል! ደጉም ቢሆን ሁልጊዜ ደግ አይደለም። ጭንቅላት ውስጥ ካደገ፣ የራስ ቅል ስለማይለጠጥ አንጎልን ተጭኖ ሊገድል ይችላል።

ድሮ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የሚያመጣውን ወባ «ማሊግናንት» ይሉት ነበር። የደም ግፊት በጣም አሻቅቦ ዓይንና ኩላሊትን ሲጎዳም በዚሁ ስም ተጠርቷል። እዚህ ውስጥ ካንሰር የሚባል ነገር የለም።

«ካንሰር» ራሱ ሸርጣን ማለት ነው። በጥንቱ ሐኪም በሂፖክራተስ ዘመን ግሪኮቹ «ካርኪኖስ» አሉት፤ ሮማዊው የሕክምና ጸሐፊ ሴልሰስ ወደ ላቲን መለሰው። በእብጠቱ ዙሪያ የተገተሩት ደም ሥሮች የሸርጣን እግር ስለሚመስሉ ነው ይባላል።

የኛው «ነቀርሳ»ም ጣጣ አያጣም። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ቲቢን ነው። አክስቴ የምርመራ ወረቀቷን ይዛ «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ስትባል እፎይ አለች። ስድስት ወር መድኃኒት ውጬ እድናለሁ ብላ። ሐኪሙ ያላት ግን ካንሰሩን ነበር። እስኪገባት ሁለት ቀን ፈጀ።

አንባቢያችሁ